ምድጃ ሊወስዱ የመጡ እንግዶች

እኔ የቀበሌ ሠራተኛ ነኝ። ሥራሽ ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ሻይ መጠጣት ነው። በቅጥር ደብዳቤዬ ላይ እንዲህ ተብሎ አልተጻፈም እንጂ፣ ሞንጎሊያ፣ ኡላንባታር ኮረብታ ላይ ላለ ቀበሌ የሚሠራ ሰው ከዚህ ሌላ ሥራ የለውም። አጥር ላይ ቆመህ “ውሻችሁን ያዙ” ብለህ ትጣራለህ፣ ትገባለህ፣ ትቀመጣለህ፣ ጨው ያለው የወተት ሻይ ይቀርብልሃል። ሳትጠጣ ጉዳይህን ከተናገርክ ባለጌ ነህ። ጠጥተህ ከተናገርክ ደግሞ በሰው ሻይ ሆድህን ሞልተህ መልሰህ ልትቆጣው አትችልም። መንግሥት የጭሱን ቁጥጥር ለኛ የሰጠው ይህን ሳያጣራ ነው።

ጭሱማ ጭስ ነው። በብርዱ ወራት ሰፈራችን ጠቅላላ ይሰወራል። ከየክቡ የሱፍ ቤት አናት የቆርቆሮ ቱቦ ወጥቷል፣ ከየቱቦው ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ከላይ ደግሞ ብርዱ እንደ ክዳን ይጫነዋል። ጎረቤቴን የማውቀው በሳሉ ነው፤ ፊቱን የማየው በረዶው ሲቀልጥ ነው። መጀመሪያ ጥሬ የድንጋይ ከሰል ተከለከለና ተፈጭቶ የተጨመቀ ከሰል ታደለን። ጭሱ ቀነስ አለ፣ ሳሉ ግን ወይ ፍንክች። ዘንድሮ ሌላ መመሪያ መጣ። ምድጃውን ራሱን ያስረከበ ቤተሰብ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በነጻ ይተከልለታል፤ ነገር ግን ምድጃው ከቤት ሳይወጣ ማሞቂያው አይበራም፣ ሁለቱን አጣምሮ መያዝም ክልክል ነው። መመሪያው ጥሩ ነው። የጻፈው ሰው ግን ሞቅ ያለ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ እንደጻፈው ያስታውቃል።

ምድጃን ዕቃ አድርጎ ነው የቆጠረው። እኛ ዘንድ የቤት እሳት ዕቃ አይደለም። ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፣ ወራሹም የመጨረሻው ወንድ ልጅ ነው። ቆሻሻ አይጣልበትም፣ በቢላ አይነካካም፣ ማለዳ ሻይ ሲፈላ የመጀመሪያዋ ጠብታ የሱ ናት። ውሃ የደፋበት ሰውማ ዘሩ ይጠፋል ይባላል። በዚህ አላምንም የሚል ሰው ብዙ አውቃለሁ። ደፍቶ ያየሁት ሰው ግን የለም።

ሰፈርተኛው በየዘዴው ተወጣው። ገጠር ወንድም ያለው ፍሙን በብረት ባልዲ አድርጎ ለወንድሙ አደረሰ። ሌላው ቤቱን ዘግቶ ዘመድ ጥየቃ ሄደና፣ ሲመለስ እሳቱ ለካ ጠፍቶ ኖሯል ብሎ ተገረመ። የባሰበት ደግሞ ከገበያ የዛገ ምድጃ ገዝቶ እሱን አስረከበና የራሱን መጋረጃ ጀርባ ሸሸገው። አንድ ጎኑ የተጨረመተ ምድጃ ነበር፣ እኔ ብቻ ደጋግሜ ተረክቤዋለሁ። ከመጋዘናችን እንዴት እየወጣ ወደ ገበያ እንደሚመለስ የመጋዘኑን ዘበኛ ጠይቁት። በኋላ በኋላማ ስንገናኝ ጤና ይስጥልኝ ልለው ምንም አልቀረኝ።

እማማ ዶልጎርሱረን፣ በአጭሩ እማማ ዶልጎር፣ ግን እንዲህ ያለውን ነገር አያውቁበትም። ባላቸው ከሞተ ቆይቷል። ያላቸው አንድ ልጅ ብቻ ነው፣ ቱቭሺን ይባላል፣ ኮሪያ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ሚስቱ ኦድጌሬል ትንሿን ልጇን ኤንጉንን ይዛ ከሳቸው ጋር ትኖር ነበር። ሕፃኗ ደረቷ ደካማ ነው። ብርዱ በገባ ቁጥር ሆስፒታል ትተኛለች፣ አልጋ ከጠፋም ኮሪደር ላይ ትተኛለች። ታዲያ የዘንድሮው ብርድ ሊገባ ሲል ኦድጌሬል ልጇን ይዛ ገጠር፣ አርሃንጋይ ወላጆቿ ዘንድ ሄደች። ተጣልታ አይደለም። ስትወጣ “እማዬ፣ ምድጃው ከዚህ ቤት የወጣ ቀን እመጣለሁ። እሱ እያለ ግን ልጄን ይዤ አልገባም” አለች። ይኸው ነው።

እማማ ዶልጎር በማግስቱ ቀበሌ መጥተው ከሁሉ ቀድመው ተመዘገቡ። “ቶሎ በሉና ውሰዱልኝ” አሉኝ፣ “የልጅ ልጄን ላምጣ።” እኔ እናት ነኝ፤ አንጀቴን በሉት። ከዚህ ቤት የቀለለ ሥራ አይገጥመኝም ብዬ አሰብኩ። ሞኝ ነኝ።

ከሾፌራችን ከቺንባት ጋር ሄድን። ስንገባ ምድጃው ይንቀለቀላል።

“እማማ፣ ዛሬ ልንወስደው እኮ ነው የመጣነው” አልኳቸው።

“አውቃለሁ ልጄ። ብርድ እየመታችሁ ነው የመጣችሁት፣ ቁጭ በሉ። ሻይ ጠጡና ትወስዱታላችሁ።”

ጠጣን። የሚነድ ምድጃ መኪና ላይ አይጫንም፣ ስለዚህ እስኪጠፋ እንጠብቅ ተባባልን። እንግዳ ሲጠብቅ ባዶ አፉን አይቀመጥምና የተጠበሰ ሊጥ መጣ፣ የደረቀ ዓይብ መጣ። በዚህ መሀል ሻዩ ቀዘቀዘ። ቀዝቃዛ ሻይ ለእንግዳ አይሰጥም፤ እማማ ዶልጎር ከሰል ጨመሩና አሞቁት። እሳቱ ተነሳ። እኛም እንደገና መጠበቅ ጀመርን።

“ይሄ ነገር መቼ ነው የሚያልቀው?” አለኝ ቺንባት በጆሮዬ።

“ወተቱ ሲያልቅ” አልኩት።

ወተቱ አላለቀም። እንግዳ መምጣቱን ያየች ጎረቤት ጨምራ ላከች። ሲመሽ ሆዳችን ተነፍቶ፣ ባዶ መኪናችንን ይዘን ተመለስን። ተንኮል ነው እንዳትሉ። ሴትዮዋ ምድጃው እንዲሄድ ከኛ ይልቅ ይፈልጋሉ፣ ስንወጣ እስከ ደጅ ተከትለው “ነገ ኑ” እያሉ ነበር። ችግሩ ምድጃውን የሚወስዱት ሰዎች እንግዶች መሆናቸው ነው፤ እንግዳ ደግሞ ሻይ ይፈልጋል፣ ሻይ ደግሞ እሳት ይፈልጋል። መመሪያው ላይ ስለዚህ አንዲት መስመር የለችም።

በሌላ ቀን ስንመጣ እንደለመድነው ከጠጣን በኋላ ብልሃት አመጣሁ።

“እማማ፣ ነገ ከማለዳው ጀምሮ አያንድዱት።”

“እሺ” አሉ፤ አሰብ አደረጉና “ምን ላጠጣችሁ ነው ታዲያ?”

“ምንም አንጠጣም።”

የሰደብኳቸው ያህል ቀና ብለው አዩኝ። “ምን በደልኳችሁ?”

“ኧረ እርስዎ ምንም...”

“በዚህ ብርድ ዳገቱን ወጥታችሁ መጥታችሁ፣ እጄን አጣጥፌ ደረቅ አፋችሁን ላያችሁ? የባሌ አባት ቤት እኮ ነው ይሄ። ይህ ቤት እንግዳ ሳያጠጣ ሰዶ አያውቅም። ሰው ምን ይለኛል?”

“በኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ያፍሉልና” አለ ቺንባት፣ ያወቀ መስሎት።

“ወተቱ ያርራል። ደግሞስ የመጀመሪያዋን ጠብታ ለማን ልስጥ? ለሶኬቱ?”

ቺንባት አንገቱን ደፍቶ ኩባያውን ዘረጋ፣ ሞሉለት።

ወሬው አለቃችን ጆሮ ገባ። አለቃ ፑሬቭዶርጅ ውጭ አገር የተማረ መሐንዲስ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ካለ ራሱ ይነግረዋል። የነጭ ወር በዓል፣ አዲስ ዓመታችን፣ ከመግባቱ በፊት ምዝገባው ይዘጋል፣ ያላስረከበ ሰው ማሞቂያው ለሌላ ይሰጥበታል። ኦድጌሬልም ለበዓሉ በኮንትራት መኪና እንደምትመጣ፣ ምድጃው ካለ ግን በዚያው መኪና እንደምትመለስ ደውላ ነግራለች። “አንዲት አሮጊት አቅቷችሁ ነው?” አለና አለቃ ራሱ ተነሳ።

ገባ። ተቀመጠ። ጠጣ። ደገመ። ኮቱን ፈታ አደረገና ወደ እማማ ዶልጎር ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “እማማ፣ ለምን ራስዎን ያስጨንቃሉ? ከገበያ አንድ የዛገ ያስመጡና እሱን እንረከብ። ይሄኛው ከዚሁ ከመጋረጃው ጀርባ ይቀመጥ። ማሞቂያውን እናበራልዎታለን።”

ይህን የሚለው እንግዲህ የጭስ ቁጥጥሩ ኃላፊ ነው። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመርኩ።

“የከለከለኝ መንግሥት ቢሆን እሺ” አሉ እማማ ዶልጎር። “የከለከለችኝ ምራቴ ናት። ልጇን አምናኝ ይዛ ስትገባ፣ በዛገ ብረት ላታልላት ነው?”

አለቃ ፊቱ ቀላ። ፊቱ የቀላ አለቃ ደግሞ መማሩ ትዝ ይለዋል። “ይሄ ሁሉ እንግዲህ ኋላ ቀርነት ነው” ብሎ ተነሳ። “እሳት ማለት የሚቃጠል ነገርና አየር ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።” ከበርሜሉ በጭልፋ ውሃ ቀዳ፣ የምድጃውን ክዳን አነሳ፣ ጭልፋውን ከፍ አደረገ። ቺንባት ዓይኑን ጨፈነ። የአለቃ እጅ አየር ላይ ቀረ፤ ብዙ ቆየ። ከዚያ ጭልፋውን ወደ አፉ አዞረና ውሃውን ጭልጥ አድርጎ ጠጣው።

“ጠምቶኝ ነው” አለ። ያን ሁሉ ሻይ ጠጥቶ።

“እሳቱ የቱቭሺን ነው፣ ወራሹ ይወስን” አልኩና ኮሪያ በቪዲዮ ደወልን። ቱቭሺን ስስ ካናቴራ ለብሶ ብቅ አለ። ጉዳዩን ነገርነው፤ ሳቀ። “እማዬ፣ ለዚህ ነው እንዴ የምትጨነቂው? ውሃ ድፊበትና ይለቅልሽ። እዚህ እኮ ወለሉ ራሱ ነው የሚሞቀው።”

እማማ ዶልጎር ያን ሁሉ ዘመን ሳይተኙ እሳቱን የጠበቁት ለማን እንደነበር አሁን ስልኩ ውስጥ ያዩታል። “እሳት አመድ ይወልዳል” አለ ቺንባት ወደ ኩባያው ውስጥ። እኔ ግን ተናድጄ ስልኩን ተቀበልኩ።

“እንግዲያው ቱቭሺንዬ፣ እኛ አንነካውም፣ የሰው እሳት ነው። ለበዓሉ ናና በገዛ እጅህ ድፋበት።”

ምራቁን ሲውጥ ሰማነው። “ኔትወርኩ አስቸገረኝ” ብሎ ዘጋው። ምራቅ ሲዋጥ የሚያሰማ ኔትወርክ ተበላሸ ሲባል የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ምዝገባው የሚዘጋበት ቀን ደረሰ፣ ሦስታችንም ሄድን። ምን እንደምናደርግ ማናችንም አናውቅም፤ ምናልባት ዛሬ በራሱ ጠፍቶ ይሆናል ብለን ነው። አልጠፋም። ለበዓሉ ሥጋ ሲቀቀል አድሯል፣ ቤቱ ከዳር እስከ ዳር ሞቋል። እማማ ዶልጎር አዲስ የሐር ካባቸውን ለብሰዋል። የመጀመሪያዋን ጠብታ ለእሳቱ ሰጡ፣ ለአለቃ ቀዱ፣ ለኔና ለቺንባት ቀዱ። ስለ ምድጃው ማንም አላነሳም። ስለ ዋጋ መወደድ አወራን።

ከውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ፤ ከሱ ቀጥሎ ሳል። ትንሽ፣ ደረቅ፣ የማያቋርጥ ሳል። እማማ ዶልጎር ጭልፋውን እንደያዙ ቀጥ አሉ። ማን ነው ብለው አልጠየቁም።

ኦድጌሬል ሕፃኗን አቅፋ ገባች። የኤንጉን ፊት በሻርፕ ተጠቅልሎ ዓይኗ ብቻ ይታያል፤ ዓይኗም ያለቅሳል። ገጠር ሳለች ደህና ነበረች፣ ሳሉ የጀመራት መኪናው ወደ ከተማው ጭስ ሲወርድ ነው። ኦድጌሬል ምድጃውን አየች፤ ጎኑ ቀልቷል። በዙሪያው ተቀምጠን ሻይ የምንጠጣውን ሦስት የጭስ ተቆጣጣሪዎችንም አየች። ምን ያህል እንዳፈርኩ ልነግራችሁ አልችልም።

አማቷን ሳመች። ካፖርቷን ግን አላወለቀችም። “እማዬ፣ ልጅቷን ትንሽ ላሙቃትና እንሄዳለን” አለች። “መኪናው እየጠበቀን ነው።”

እማማ ዶልጎር አዲስ እንግዳ ገብቷልና እጃቸው በልማድ ወደ ከሰሉ ሳጥን ሄዶ ነበር። እዚያው ቆመ። ሳጥኑን ከደኑት። የሻዩን ብረት ድስት ከምድጃው ላይ አወረዱና ወለሉ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ከፊታችን ኩባያችንን አንድ በአንድ ሰብስበው፣ ደፍተው፣ ባዶውን መለሱልን። ለእንግዳ ባዶ ኩባያ ማቅረብ ምን ማለት እንደሆነ ሞንጎል የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ለጠላት እንኳ አይደረግም።

“ሻይ የለም” አሉ።

አለቃ ብድግ አለ። “እንግዲህ እኛ እንሂድና ሲጠፋ...”

“ቁጭ በል” አሉት፣ አንተ ብለው። “ሳትወስደው የትም አትሄድም።”

ቁጭ አለ። ሁላችንም ባዶ ኩባያ ይዘን ቁጭ አልን። እሳቱ ሳይጨመርበት ቀስ እያለ ወረደ። ምድጃው መጀመሪያ ቅላቱን አጣ፣ ከዚያ እየተንጣጣ ጠቆረ። ብርዱ በበሩ ሥር ገባ፣ በግድግዳው ገባ። የሥጋው መረቅ ላይ ስብ ረጋ። ትንፋሻችን መታየት ጀመረ። እማማ ዶልጎር የሐር ካባቸውን ይዘው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ፤ ወደ ማናችንም አያዩም።

መታገሥ ያልቻለችው ኦድጌሬል ናት። የቤቱ ምራት እሷ ናት፤ በሷ ፊት፣ በሷ ቤት፣ አማቷ ለመንግሥት ሰው ባዶ ኩባያ አቅርበዋል። ምድጃው ካልወጣ ብላ ብርዱን ሙሉ ገጠር የከረመችው ሴት ሕፃኗን እኔ ላይ ጣል አደረገችና ወደ ከሰሉ ሳጥን ሄደች።

“ምን ልታደርጊ ነው?” አሉ እማማ ዶልጎር።

“ሻይ ላፍላላቸው፣ እማዬ። አንድ ጊዜ ብቻ። እንዲህ ስትዋረጂ ማየት አልችልም።”

እጇን ያዟት። የአሮጊት እጅ ነው፣ ግን አልለቀቀም። “ተይው ልጄ። የተዋረድኩት ተዋርጃለሁ። ሁለተኛ እንዳልዋረድበት ይጥፋ።”

ኦድጌሬል እዚያው ተንበርክካ አለቀሰች። ከዚያ በዚያ ብርድ፣ ውሃ በሚረጋበት ቤት ውስጥ፣ ካፖርቷን አወለቀችና አማቷ ትከሻ ላይ ደረበችው። ቺንባት ሳይላክ ወጥቶ የኮንትራቱን መኪና አሰናበተ።

የመጨረሻው ፍም አመድ ለብሶ ሲጨልም አለቃ “እንግዲህ እናንሳው” አለ። ማንም አልተነሳም። እሱም አልተነሳም። አንድ ሰው ቀድሞ እንዲነካው ሁላችንም ተጠባበቅን። በመጨረሻ ሁለቱ ሴቶች ቱቦውን ነቀሉ፣ አንደኛዋ በዚህ ሌላኛዋ በዚያ ይዘው፣ መቃኑን ሳያስነኩ አወጡት። መኪናው ላይም ራሳቸው ጫኑት። አለቃ ቀድሞ የተተከለውን ማሞቂያ አበራ። የተቃጠለ አቧራ ሸተተ፣ ከዚያ ሙቀት መጣ፤ ሕፃኗም ጉልበቴ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ሥራችን ይኸው ነበር፣ ተሳካ።

ሞተር አስነስተን ስንንቀሳቀስ እማማ ዶልጎር ወተት በጭልፋ ይዘው ወጡ። ልጅ ረጅም መንገድ ሲሄድ እናት በደህና ግባ ብላ ከኋላው ወተት ትረጫለች፤ ቱቭሺን ኮሪያ የሄደ ቀን ደጁ ላይ ቆመው እንዲሁ አድርገዋል። በመስተዋቱ አየኋቸው፤ ወደ መኪናችን አንዴ ረጩ፣ ደገሙ፣ ጭልፋው ባዶ ከሆነም በኋላ እጃቸው ይረጫል።

አለቃ ዞሮ አየና ደስ አለው። “አየሽ፣ አልተቀየሙንም” አለኝ። “እየመረቁን ነው።”

“ለኛ አይደለም፣ አለቃ” አለ ቺንባት፣ ምድጃው እንዳይናጥ መኪናውን እያዘገመ።